ቀን የሚቆጥር ትል

መቱ ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ጠዋት ነጭ ጋዎኔን ተኩሼ ለብሼ ከመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ኋላ ቆምኩ። ዲፕሎማዬ መድኃኒት ለመሸጥ የሚያበቃ የድራጊስት ነው። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ግን "ዶክተር፣ የራስ ምታት ክኒን ይስጡኝ" አለችኝ። አላረምኳትም። ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ማንንም አላረምኩም፤ ስሙ ጣፍጦኝ ነበር።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጋሼ ታደሰ የጎሬ ሰው ናቸው። በጤና ረዳትነት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ነው ቤቱን የከፈቱት። በዚያ ጠዋት ሦስት ሕግ ነገሩኝ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መደርደሪያ ላይ አይገኝ። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አይውጣ። ሦስተኛውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የነገሩኝ።

"ሴት ልጅ ሞዴስ ስትጠይቅህ ፊቷን አትይ። በጋዜጣ ጠቅልለህ፣ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተህ ስጣት። ምንም አትጠይቅ።"

ከሦስቱ አንዱንም አልጣስኩም። ጥፋቴ የመጣው ከዚሁ ታዛዥነቴ ነው።

የእኛ አገር ዝናብ አያልቅበትም። ጭቃ ባለበት የሆድ ትል ይበዛል ብለው ኮሌጅ አስተምረውን ነበር፤ እኔም ይቺን ትምህርት ከሌላው ሁሉ አብልጬ ያዝኳት። "ሆዴን ቆረጠኝ" ያለ ሁሉ ለእኔ ትል አለበት። በኦሮምኛ "ገራ ና ጪኒና" ቢለኝም ያው ነው። ሰውዬው ተናግሮ ሳይጨርስ እጄ የትል መድኃኒቱ ካርቶን ላይ ያርፋል። ጋሼ ታደሰ "እጅህ ፈጣን ነው" ይሉኝ ነበር። ሙገሳ መስሎኝ እኮራ ነበር።

ሌሊሴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቤተሰቦቿ ሁሩሙ ናቸው፤ እሷ መቱ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። መጀመሪያ የመጣች ቀን ደብተሯን ሆዷ ላይ ተጭና ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለች።

"ዶክተር፣ ሆዴን ክፉኛ ቆረጠኝ። ወገቤንም ያመኛል።"

"ውኃ የምትጠጪው ከየት ነው?"

"ከቧንቧ።"

"በቃ፣ ትል ነው" አልኳት። ከምንጭ ብትለኝም መልሴ ያው ነበር።

"ሞዴስም ይስጡኝ" አለች፣ ድምፅዋን ቀንሳ። ሞዴሱን በጋዜጣ ጠቀለልኩና የትሉን መድኃኒት ከላይ አድርጌ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩላት።

በወሩ ተመልሳ መጣች። ትሉ ግትር ነው አልኳትና ሌላ ዓይነት ክኒን ሰጠኋት። በሦስተኛው ወር ጥፋቱን በጓደኛዋ ላይ አላከክኩ፤ "እሷም ትውሰድ፣ መልሳ እያስያዘችሽ ነው" አልኳት። ሦስቱንም ጊዜ የትሉን መድኃኒትና ሞዴሱን በገዛ እጄ አንድ ፌስታል ውስጥ ከትቻለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ግን ሁለቱ አልተገናኙም።

ለአራተኛ ጊዜ ስትመጣ ምንም አላመማትም ነበር። ልታመሰግነኝ የመጣች መሰለኝና ጋዎኔን አስተካከልኩ።

"ዶክተር፣ ማትሪክ የዛሬ ሳምንት ሰኞ ይጀምራል" አለች። "ትሉም የሚመጣው ሰኞ ነው። ባለፈው ወር ሞዴል ፈተና ላይ መጥቶብኝ ሒሳቡን ሳልጨርስ ወጣሁ። ማትሪክ ላይም እንደዚያ ከሆንኩ አባቴ እንደገና የሚያስተምርበት አቅም የለውም። ሁሩሙ ተመልሼ ቡና ለቀማ መግባቴ ነው።"

"ሰኞ እንደሚመጣ በምን አወቅሽ?"

"ቆጥሬ ነዋ።"

"ትል ቀን አይቆጥርም" አልኳት፣ እንደ ትልቅ ባለሙያ ተኮሳትሬ።

የቤቱ ጽዳት ሠራተኛ እትዬ አበቡ ወለሉን እየወለወሉ ነበር። መወልወያውን ግድግዳ አስደግፈው ቀና አሉ።

"አንተ ልጅ፣ በየወሩ ሞዴስ የሚገዛ ትል የት አገር አይተሃል?"

ሌሊሴ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቀች ነበር። እኔ በሐፍረት እስከ ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት፣ ጥፋተኛዋ እሷ የሆነች ይመስል።

"ነገርኩዎት እኮ። ሞዴስ አልኩዎት። ከዚህ በላይ ለወንድ ምን ይባላል? ደግሞ ትል ነው ሲሉኝ፣ ዶክተር ናቸው፣ ያውቃሉ ብዬ አመንኩ።"

ጋሼ ታደሰን ጠራኋቸው። ነገሩን ሰምተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "ይሄ እንግዲህ የሴቶች ጉዳይ ነው" ብለው የሳል ሽሮፖቹን ማስተካከል ጀመሩ። ሽሮፖቹ ድሮም የተስተካከሉ ነበሩ።

ሌሊሴን ነገ ተመለሺ አልኳትና የኮሌጅ ደብተሬን ገለጥኩ። "የወር አበባ ሕመም" የሚል ርዕስ አለ። ከሥሩ ግን ባዶ ነው። መምህራችን ይህን ያስተማሩን ቀን ከኋላ ወንበር ተደርድረን ስንሳሳቅ ነበር የዋልነው። ሳቁ ትዝ ይለኛል፣ ትምህርቱ አይታወሰኝም። እኔ ለሳቅኩት ሦስት ወር የታመመችው ሌሊሴ ናት። ይህን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

በምሳ ሰዓት ሆስፒታል ሄጄ አንዲት አዋላጅ ነርስ አማከርኩ። በደንብ አስረዳችኝ። ስትጨርስ ስንት ዓመት እንደሠራሁ ጠየቀችኝ። አሳንሼ ነገርኳት።

በማግስቱ ሌሊሴን እንደ ወጉ ጠየቅኳት። ጨጓራ አለብሽ? አስም አለብሽ? ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? የለም አለች። አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ አወጣሁ።

"ሕመሙ እስኪበረታ አትጠብቂ፤ መምጣቱን እንዳወቅሽ ጀምሪ። በባዶ ሆድ አይወሰድም። በቀን ሦስት ጊዜ ነው፣ ከሦስት ቀን አይለፍ። ሙቅ ውኃ በጠርሙስ አድርገሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ሆድሽ ላይ ያዢበት። በዚህ ካልተሻለሽ ሐኪም ይይሽ። እኔን ማለቴ አይደለም፣ እውነተኛውን።"

"እርስዎ ዶክተር አይደሉም እንዴ?"

"ድራጊስት ነኝ" አልኳት። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያረምኩት።

የቀረውን ሳምንት በአዲሱ ዕውቀቴ ደንበኛ ሳሰቃይ ሰነበትኩ። ከኖፓ የመጡ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ሆዴን ቆረጠኝ ቢሉኝ "በየወሩ ነው እትዬ?" አልኳቸው። "ልጄ፣ እሱ ሲተወኝ አንተ ገና አልተወለድክም" አሉኝ። "ጥሬ ሥጋ በልቼ ነው።" ሲመረመሩ ኮሶ ተገኘባቸው። እውነተኛው ትል በእግሩ ሲመጣልኝ ደግሞ እንዲህ አድርጌ ሳትኩት።

ሰኞ ጠዋት ያካፋ ነበር። ወትሮ የማልሄድበትን መንገድ ዞሬ በትምህርት ቤቱ በር በኩል ወደ ሥራ ገባሁ። ተፈታኞቹ ተሰልፈው እየገቡ ነበር፤ ሌሊሴን መለየት አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ የመድኃኒት ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር ሆዷን ይዛ የገባች እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር። አልመጣችም። አለመምጣቷ ደህና ሆና ይሁን አቅም አጥታ አላወቅኩም።

የመጣችው ፈተናው ካለቀ በኋላ ነው። ሦስት ወንዶች ተራ እየጠበቁ ነበር።

"እንዴት ሆንሽ?" አልኳት።

"ሰኞ ጠዋት መጣ። ቁርሴን በልቼ ዋጥኩት። ትንሽ ትንሽ አመመኝ፣ ግን ደወል እስኪደወል ተቀምጬ ሠራሁ። ፊዚክሱ ከብዶኛል፤ እሱ እንኳ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።"

ቀጥላ "ለሚመጣው ወር ሞዴስና አይቡፕሮፌን ይስጡኝ" አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ከወንዶቹ አንዱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። እጄ እንደ ልማዱ ጋዜጣውን አነሳ።

"አይጠቅልሉት" አለችኝ። ሁለቱንም ደብተሯ ላይ ደርባ ይዛ ወጣች።

ከሌሊሴ በፊት ለስንት ልጅ የትል መድኃኒት እንደሰጠሁ አላውቅም። በሕጉ መሠረት ፊታቸውን አላየሁም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ሴት ልጅ ሆዴን ቆረጠኝ ስትላችሁ፣ እጃችሁን ወደ መደርደሪያው ከመስደዳችሁ በፊት ፊቷን እያያችሁ መቼ መቼ እንደሚመጣባት ጠይቋት። ስትመልስላችሁም እስክትጨርስ ስሟት።