ለበላይ አካል የተላከ እንቅልፍ

ደጄ ላይ የፀረ-አብዮት ወረቀት ተገኘ ተብሎ ታሰርኩ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ወረቀቱ የሚለውን እንኳ አላነበብኩትም። ፒያሳ፣ ከአንድ የተወረሰ ጫማ ቤት ጀርባ ያለ መጋዘን ውስጥ ከተቱኝ። ሙጫና ቆዳ ይሸታል። ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ነበር፤ አንዲት የአእምሮ ሕሙማን ነርስና አንዲት ተማሪ።

ተማሪዋ ሕመም ነበረባት። አንዳንድ ሰሞን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እህል አትቀምስም። ከዚያ በድንገት ትነሳለች፤ አትተኛም፣ ትስቃለች፣ ንግሥት ነኝ ትላለች። እኔ ጸበል ተመኘሁላት።

"እትዬ፣ መድኃኒቷን ከልክለዋታል" አለችኝ ነርሷ። "የቀረን እንቅልፏን እየመዘገብን ሐሳቧን እንድትመረምር ማስለመድ ነው።"

ወረቀት ክልክል ስለሆነ የነጠላዬን ዘርፍ ሰጠኋቸው። በየማለዳው አንድ ክር እንይዛለን፤ ተኝታ ካደረች አንድ ቋጠሮ፣ ካልተኛች ሁለት።

የሚመረምረን ካድሬ የጫማ ሻጩ ባንኮኒ ላይ ነበር የሚሠራው። ሽንት ቤት እንኳ ሽጉጡን ታጥቆ ይሄዳል፤ ማን እንደሚሰርቀው እንጃ። መታመሟን እያወቀ፣ የምትፈነድቅበትን ቀን ጠብቆ የእምነት ቃል ወረቀት ይዞ መጣ።

"የወረቀት በታኞቹ መሪ ነሽ አይደል? ፈርሚ።"

"አዎ! ሁሉንም የመራሁ እኔ ነኝ!" እስክሪብቶውን ተቀበለች።

ከእኛ በፊት እዚያ ፈርመው የወጡ እስረኞች አልተመለሱም።

"እህቴ፣ መሪ ለመሆንሽ ማስረጃሽ ምንድን ነው?" አለች ነርሷ።

"ይሰማኛላ!"

"ባለፈው እንዲህ ሲሰማሽስ?"

ለማሳል እንኳ የምፈራው እኔ፣ ነጠላዬን ዘረጋሁላት። በጣቷ ቆጠረች። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት።

"አራት ቀን አልተኛሁም" አለች ቀስ ብላ፣ የቀደሙትን ክሮችም እየዳሰሰች። "ያኔም ሳልተኛ ነው ንግሥት የሆንኩት።" እስክሪብቶውን መለሰችለት። "ጓድ፣ ተኝቼ ስነሳ ይምጡ።"

ካድሬው ነጠላዬን ነጠቀኝ። "የምስጢር መልእክት!" ብሎ በጫማ ሰፊ መቀስ ዘርፉን ቆረጠ፣ ፖስታ ውስጥ ከቶ ማኅተም መታበት። የአንዲት ልጅ እንቅልፍ ለበላይ አካል ተላከ። ከዚያ ነጠላውን ወረወረልኝ።

እሱ እያየኝ፣ ነጠላዬን ገልብጬ በሌላው ጫፍ የዚያን ቀን ሁለት መልሼ ቋጠርኩ።

ተማሪዋ ከእኔ በፊት ተፈታች።

ዛሬ ሴት ልጄ በዚያው ሕመም ትታከማለች። ሐኪሟ ከመድኃኒቱ ጋር እንቅልፏንና ሐሳቧን የምትጽፍበት ደብተር ሰጣት። "አዲስ ዘዴ ነው፣ እናቴ" አለኝ። ደብተሩ ጥሩ ነው። እኔ ግን ነጠላዬንም እቋጥራለሁ፤ ደብተር የሚወስድ አይጠፋም።