ክፍት ያሉት ሜዳ

አባቴ የሰፈራችን የቅሬ ዳኛ ነበር። ሰው ሲሞት ጡሩምባ የሚያስነፋው፣ ድንኳን የሚያስተክለው፣ ከቀብር የቀረውን በሰው ፊት የሚወቅሰው እሱ ነው። እድሩን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ቅሬው አንድ ነው፤ ለቅሶ የሚቀመጠውም ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ዱዓ የሚደረገው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያው ነው። በሌላው ቀን ግን አህያ ይንከባለልበታል፤ ለማያውቀው ሰው ምንም የሌለበት ቦታ ይመስላል።

ለትንሿ ከተማችን ፕላን ሊሠራላት ነው ተባለና አንድ ወጣት ባለሙያ ነዋሪውን ሊያወያይ መጣ። እኔ መካነ ሰላም አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ቤተሰቦቼ ስለምመጣ ያን ቀን ደርሼ ነበር። ልጁ ትሑት ነው፤ መሬት መሬት እያየ ነው የሚናገረው። ወደ ሜዳው በእስክሪብቶው እያመለከተ፣

«አባቴ፣ ይሄ ቦታ ክፍት ነው?» አለው።

አባቴ ሳቀ። «ክፍት ነዋ ልጄ! ለማን ተዘግቶ ያውቃል?»

ለውይይቱ የመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ «እውነት ነው» አሉ። ልጁም ጻፈ።

ፕላኑ ማዘጋጃ ቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሜዳችን አረንጓዴ ተቀብቶ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ተጽፎበታል። በስልኬ አንስቼ ለአባቴ አሳየሁት። «አብሽሪ፣ አውቀውልናል» አለኝ። እኔ ግን ቀለም አላምንም። በየቅዳሜው ከሚኒባስ ስወርድ ቤት ከመግባቴ በፊት ግድግዳውን ማየት ጀመርሁ። የሰፈሩ ሰው «ከግድግዳው ጋር ታጨሽ ወይ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ወረቀት ተለጠፈና አረንጓዴው ጠበበ። ሌላ ጊዜ በመሐሉ መንገድ አለፈበት። በመጨረሻ አረንጓዴው ከነጭራሹ ጠፍቶ፣ ሜዳው በቀጫጭን መስመር ተከፋፍሎ፣ በየክፍሉ ቁጥር ገብቶበት አገኘሁት። ይህን ሽንሻኖ ይሉታል። እኔ የማውቀው የቀሚስ ሽንሽን ነው፤ ያ እንኳ ሲሸነሸን ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ቅሬታ ሰሚ ወደሚባለው ቢሮ ገባሁ። «የምን ቅሬታ ነው?» አለኝ ኃላፊው። «የቅሬ» አልሁት። የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። ነገሩን ሳስረዳው ግን ቃለ ጉባኤ አወጣና አነበበልኝ፤ ቦታው ክፍት መሆኑን የአካባቢው ሽማግሌዎች ራሳቸው አረጋግጠዋል ይላል። «ክፍት ማለት ባዶ፣ ማንም ያልያዘው ማለት ነው። እንግዲህ ያላችሁት እናንተው ናችሁ» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ መለሰ። የሌላ ሰው ቃል ቢሆን እጮህ ነበር፤ የአባቴን ቃል ይዞ ሲመጣብኝ ምን ልበለው?

ሄጄ ለአባቴ ነገርሁት። «እኔ ክፍት አልሁ እንጂ ባዶ አልሁ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ባገኘ ቁጥር ይችኑ ነው የሚጠይቀው። ጎረቤቱንም፣ ከገበያ የሚመለሰውንም መንገደኛ እያስቆመ «ክፍት አልሁ እንጂ ባዶ አልሁ?» ይላል። አንዳንዱ ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል፤ አንዳንዱ ሸመገለ ብሎ ያዝንለታል። ውሎ አድሮ ታመመ፤ ሐኪሙ ለበሽታው ሌላ ስም ሰጥቶታል። እኔ ግን የጨረሰችው ያች ቃል ናት እላለሁ፤ ማንም ሐሳቤን አያስቀይረኝም።

ችካል ተተከለ፤ ከችካሉ ኋላ ቆርቆሮ መጣ። ፊት ለፊታችን ያለውን ቦታ የወሰደው ሰው የሚኖረው ደሴ ነው። አጥሮ፣ በር ገጥሞ፣ ቁልፉን ይዞ ሄደ። እስከ ዛሬ አንዲት ድንጋይ አላኖረበትም፤ አረም ነው የበቀለበት። ሜዳችን ባዶ የሆነውስ አሁን ነው።

አባቴ በክረምት ሞተ። ጡሩምባውን የነፋለት የዕድሜ ልክ ጓደኛው ነው፤ ዓይኑ ደክሟል፣ እግሩ ግን መንገዱን ያውቀዋል። ሰው ሳይሰበሰብ የድንኳኑን ምሰሶ ተሸክሞ፣ እንደ ልማዱ በቀጥታ ወደ ሜዳው ሄደ። ምሰሶው ከቆርቆሮው በር ጋር ተጋጨ። በሩን በትከሻው ገፋው፤ ደግሞ ገፋው።

«ክፈቱ እንጂ!» አለ። «ዳኛው ሞቷል እኮ!»

ከውስጥ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ምሰሶውን ከትከሻው ተቀበልነውና ድንኳኑን መንገዱ ላይ ተከልን። የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር አግዳሚያችንን እያነሣን አሳለፍን።