ዘንዶው ሲመጣ የሚያስነጥሰው አገር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ደብተሯን ይዛ መጣችና፣ «እማማ፣ የፈጠርኩትን አገር ያንብቡልኝ» አለችኝ። ደመና ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ እጅግ ውብ፣ እጅግ ግሩም፣ እጅግ አስደናቂ። ሦስት ገጽ አነበብኩ፤ ከተማዋ ግን አልታየችኝም። ያኔ ትርንጎ ትዝ አለችኝ።

ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ከትርንጎ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ የጅጋ ባለሱቅ ልጅ ነኝ፤ እሷ ከሽንዲ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ። ሌላው ተማሪ አርብ አገሩ ሄዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ሲመለስ፣ እሷ መንገዱ ስለሚርቃት በወር አንዴ ብትሄድ ነው። ኅዳር ሲገባ ሆዷ ባባ። «ትምህርቱ ይቅርብኝ፣ አገሬ እገባለሁ» ማለት አመጣች። ከቤታቸው እስከ ሁለተኛ ደረጃ የተማረች እሷ ብቻ ስለነበረች አሳዘነችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብቻዬን መቅረት ፈራሁ።

ስለዚህ ከትምህርት መልስ፣ ሽሮው እስኪበስል፣ ተረት እፈጥርላት ጀመር። ተራራ ውስጥ ያለ መንግሥት ነው፤ በሩን ዘንዶ ይጠብቀዋል። መጨረሻውን ሳትሰማ አትሄድም ብዬ ነበር።

«ቤተ መንግሥቱ በጣም ያምራል» አልኳት።

«ማማሩንስ ሰማሁ። ምን ይመስላል?»

በማግስቱ ሌላ ሞከርኩ። ሜዳው በእበት እንደተለቀለቀ አውድማ ልስልስ ነው፤ ኮረብታው እንደተሰጣ በርበሬ ይቀላል፤ የዘንዶውም ትንፋሽ እንደዚያው በርበሬ ጣፋጭ ሽታ አለው። ትርንጎ ማማሰያዋን እንደያዘች ፈዛ ቀረች። ሽሮው አረረ። እኔ ደስ አለኝ።

አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብርድ ልብሷ የለም። ስንቅ ሊያመጣ የሚሄድ ሰው ደግሞ ብርድ ልብስ አይሸከምም። ኩል ልትኳል ዓይኗን አጠፋች የሚባለው በእኔ ደረሰ። አገር ፈጠርኩ ብዬ በገዛ ቀዬዋ አውድማና በርበሬ ናፍቆቷን ቀስቅሼባት ነበር። ሁለት ቀን አለቀስኩ።

ሰኞ ከሰዓት በሩ ተገፋ። ትርንጎ ብርድ ልብሷን ከነስንቋ አዝላ ቆማለች።

«ዋሽተሻል» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ምኑን?»

«የተሰጣ በርበሬ ጣፋጭ አይሸትም። ሁለት ቀን ስገለብጥ ዋልኩ፤ አባቴ ያስነጥሳል፣ እናቴ ታስነጥሳለች፣ በሬው ሳይቀር ያስነጥሳል! ዘንዶው ሲመጣ ያገሩ ሰው ማስነጠስ አለበት።»

ሳቄን እንደምንም ገታሁና፣ «ቀረሽ ብዬ ነበር» አልኳት።

«ልቀር ነበር። ግን በርበሬው መሃል ሆኜ ያ አገርሽ ይታየኛል። ዘንዶው በሩን ይከፍት እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት ልቅር?»

ከዚያ በኋላ በዚያ አገር እረኛ ካስነጠሰ ከብት ይሰበሰባል፣ ሙሽራ ካስነጠሰች ሰርግ ይበተናል። ከአንዲት ንጽጽር ስንት ሕግና ልማድ አወጣን! ማትሪክንም አብረን ተፈተንን። ትርንጎ ዛሬ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ የምትኖረው ቡሬ ነው።

ይህን ለልጅ ልጄ አጫወትኳትና ደብተሯን መለስኩላት። የሌለ አገር የሚታየው ባለ ነገር ሲመሰል ነው፤ ያለውን ነገር ደግሞ ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል።

«ደመናው ላይ ሲሄዱ እግራቸው ምን ይሰማዋል?» አልኳት።

አሰበች። «የጭድ ክምር ላይ እንደመዝለል?»

«ዘለሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

ቡሬ ደወልኩና ነገሩን ለትርንጎ ነገርኳት። እስክትደክም ሳቀች።

«ወደ ወንድሜ አውድማ እወስዳታለሁ» አለች። «ከነብርድ ልብሷ ላኪያት።»