ቢጫ የሆነው የፍየል ወተት

በዘጠናዎቹ መካኒሳ አቦ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። በሬን የሚያንኳኳ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እማማ የምላቸው ጎረቤቴ። ጨጓራዬን እንደሚያመኝ ከሰሙ ወዲህ በየማለዳው ከፍየላቸው ያለቡትን ክዳን ባላት ጣሳ ያመጡልኛል። ሳንቲም አይቀበሉም። በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብለው የፍየሏን ተንኮል ሲያወሩኝ ሥራ እስኪረፍድብኝ እሰማቸዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከወተቱ ይልቅ ወሬያቸው ነበር የሚያሽረኝ።

የምሠራው ወተት በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው። አንድ ቀን አዲስ መመርመሪያ መጣልን፤ ከጥንቸል ደም የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል። የፍየል ነው በተባለ ወተት ውስጥ ትንሽ የላም ወተት ከተገኘ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። ለማነጻጸሪያ ንጹህ የፍየል ወተት ሲፈለግ «እኔ ጋ አለ!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በማግስቱ የእማማን ወተት ይዤ ሄድኩ። ቢጫ ሆነ።

«ፍየሏ ላም ሆነች እንዴ?» ብለው የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ። ከሥራ እንደወጣሁ ጣሳዋን ይዤ እማማ ደጅ ቆምኩ።

«እማማ፣ የላም ወተት እየቀላቀሉ ነው እንዴ የሚሰጡኝ?»

«ምን ላገኝበት፣ ልጄ?» አሉና ጣሳቸውን ተቀብለውኝ ገቡ።

በማግስቱ አልመጡም። በሳልስቱም። ቤቱ ጭር አለብኝ።

ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት የሚሰጠኝን የላም ወተት ይዤ ስገባ እጄ በልማድ ጣሳዋን ፈለገ። ያኔ ክው አልኩ። እናቴ «የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። የእማማን ጣሳ ስመልስ ሁሌም የላም ወተት አደርግባት ነበር! መመርመሪያው የያዘው የእኔኑ ወተት ነው። ወይ እኔ!

ሮጬ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አዎ፣ ያንተን ጠጥቼ፣ ለቅለቅ አድርጌ ነው የማልብባት» አሉ። «በል ተነስ፣ ይቅር ብዬሃለሁ።» የምራቸውን ነበር። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በነጋታው መጡ። ጣሳዋን አልተዉልኝም፤ ብርጭቆ አምጣ ብለው በር ላይ ቆመው ቀዱልኝ። «በፈላ ውሃ ነው ያጠብኳት» አሉ። በርጩማውን ሳብኩላቸው።

«ፍየሏ ብቻዋን ናት» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እንደዚያው ሆነ። ቆመው ይቀዳሉ፣ በፈላ ውሃ እንዳጠቡ ይነግሩኛል፣ ይሄዳሉ። በርጩማው ላይ እኔው ተቀምጬ እጠጣለሁ።