ሁለት ስም ያለው ክኒን

ጡረታ የወጣችው ልብስ ሰፊ ደም ግፊት እንዳለባት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያወራችው ራሷ ናት። ሐሜት በሰው አፍ ሲያልፍ ይበላሻል ባይ ናት።

ባሏ በሕይወት ሳለ መድኃኒቱ የእሱ ሥራ ነበር። ዕድሜውን አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው፣ ጠዋት ክኒኑን በመዳፉ ይዞ አልጋዋ አጠገብ ይቆምና፣ «ተሳፋሪ! ሒሳብ የለም፣ ውኃ ብቻ!» ይላታል። ፋርማሲ የሚሰለፈውም እሱ ነበር። መስኮቱ ጋ ሲደርስ፣ «ሱፍ የለበሰውን ተውትና ያንኑ መድኃኒት ተራ ልብስ የለበሰውን ስጡኝ» ይላል። ሲመለስ የሰልፉን ወሬ ያራግፍላታል። ያን ጊዜ መታመም እንኳ ወግ ነበረው።

እሱ ሲያርፍ ልጃቸው እናቷን አዲስ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። «ለእናቴማ ርካሽ አልገዛም!» ብላ ወርቃማ ጽሑፍ ያለበት ካርቶን አመጣች። እናት የልጇን ክኒን ጠዋት ትውጣለች። በባሏ ጊዜ በነበረው የፋርማሲ ካርድ ደግሞ የድሮውን ማውጣቷን አልተወችም፤ እሱን ማታ ትውጠዋለች። መተው ባሏን ዳግም መቅበር መሰላት። ለሰፈር ሁሉ የምታወራ ሴት ይቺን ግን ሆድ ይፍጀው አለች።

ከዚያ ማዞር መጣ። ሁለቴ ወደቀች።

«በቃ እማዬ፣ እኔ ጋ ትገቢያለሽ። ክፍል አስለቅቄያለሁ» አለች ልጅ።

«ባልሽ በሚያንኮራፋበት ቤት? እኔ የራሴ ባል ያንኮራፋበትን ቤት ለቅቄ የትም አልሄድም!»

«ሦስተኛ ጊዜ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

እናት ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ዕቃዋ ከመታሰሩ በፊት የወሩን መድኃኒት ሊያስሞሉ ፋርማሲ ሄዱ።

ባለመድኃኒቷ መነጽሯን ከፍ አድርጋ፣ «ቤት ያለዎትን ሁሉ አምጥተዋል? እስቲ ያውጡት» አለች። እናት የደበቀችውንም ከቦርሳዋ አወጣች፤ ሁለቱ ካርቶኖች ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እማማ፣ ሁለቱንም ይወስዳሉ?»

«አንዱ የልጄ ነው፣ አንዱ የባሌ።»

«ሁለቱም አንድ መድኃኒት ነው! የተለያየው ፋብሪካው ያወጣላቸው ስም ነው። ከሥር በደቃቁ የተጻፈውን ይዩ። እጥፍ ሲውጡ ግፊትዎ እየወረደ ነው የጣለዎት።»

ለካችላት፤ በጣም ወርዷል። ሐኪሙ ዘንድ ደወለች። «ዛሬ ምንም አትውሰድ፣ ነገ መጥታ ትታይ፣ ከዚያ ወዲያ አንዱን ብቻ ትውጣ» አላት ሐኪሙ።

«የትኛው?» አለች እናት ፈራ ተባ እያለች።

«ርካሹ ይበቃዎታል።»

የልጅ ፊት ቲማቲም መሰለ። «ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«ብተወው... ጭራሽ የሄደ መሰለኝ።»

ልጅ የእናቷን ክንድ ያዘች። «እሺ፣ ቤትሽ ቆዪ። ግን ከዛሬ ጀምሮ የምትውጪውን ሁሉ ታሳዪኛለሽ።»

«ሁሉንም? ምራቄንም ጭምር?»