የረቡዕና የዓርብ ጣሳዎች

አዲሱ የአየር ጠመንጃዬ ሲተኮስ፣ ቅዳሴ መሐል ማስነጠስ እንደመጣበት ሰው አፍኖ «ጵስ» ይላል። አየሩን ከታንክ እሞላና አሥር ጊዜ እተኩሳለሁ። በስኮፑ ሳይ አጥሩ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ቅንድቧ ይቆጠራል። አትላንታ አጠገብ ታከር ካለው ቤቴ ጓሮ ስተኩስ ጎረቤት አይሰማም፤ የጓሮዬ አይጦች ራሳቸው መሞታቸውን የሚያውቁት ዘግይተው ነው። ሁሉ ነገሩ ያማረ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ተኩሼ ሳበቃ አፍንጫዬ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ጠበቀ። ሽታው አልመጣም። አባቴ መጣብኝ።

የአባቴ ጠመንጃ የድሮው ዓይነት ነበር፤ አፈሙዙን ሰበር አድርገህ አንዲት የእርሳስ ፍሬ የምታጎርሰው፣ ስፕሪንጉ ሲለቀቅ ትከሻህን በቡጢ የሚነርትህ። በተተኮሰ ቁጥር ቀጭን የዘይት ጭስ ሽው ይላል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው ስቶን ማውንቴን። አባቴ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፣ ጓሮ ደግሞ ዶሮ ያረባል። መኖውን የሚበሉት አይጦች ከመወፈራቸው የተነሳ አንዷን የጎረቤት ድመት መስላኝ ጠራኋት፤ መጣችም። ጠመንጃው የተገዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ ጾሙ ነበር። አባቴ ረቡዕና ዓርብ ደም አላፈስም አለ። «አይጥም ቢሆን ነፍስ ነው፤ ነገ ይደርሳል» ይላል። አይጦቹ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ይመስል በጾም ቀን ዘመድ አዝማድ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አባቴ ግን ከጠመንጃው መለየት አይሆንለትም። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ፣ ፀሐይ ከጥዶቹ ጀርባ ስታዘቀዝቅ፣ በቆለልነው አፈር ፊት ግንድ ላይ ሦስት የቲማቲም ጣሳ ይደረድርና በሃያ እርምጃ ይተኩሳል።

ያን ሰሞን መሳት ጀመረ። መጀመሪያ አንዱን፣ ከዚያ ሁለቱን፣ ቆይቶ ሁሉንም። ተኩሶ የጣሳውን «ኳ» ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል፤ የሚሰማው የዶሮ ጩኸት ብቻ። ትከሻው ወረደ። ድንበር በእግሩ ሲያቋርጥም፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥም ወርዶ የማያውቅ ትከሻ ነው።

እናቴ ነገሩ ገብቷታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ትናንት ፓርክ ስታደርግ ሜልቦክሱን ገጨህ። አፖይንትመንት ይዤልሃለሁ፣ ዓይንህን ትታያለህ።»

«እሱ ነው የገጨኝ።»

«ሰው ጭነህ ነው እኮ የምትነዳው።»

እኔ ያየሁት ግን ትከሻውን ብቻ ነበር። የዓሣ ማጥመጃ ክር ገዛሁ። ጣሳዎቹን አስሬ ክሩን በሣሩ ውስጥ አሳለፍኩና ከአባቴ ጎን ወዳለው ወንበሬ አመጣሁት፤ ሦስቱን ጫፍ በሦስት ጣቴ ጠመጠምኩ። እሱ ሲተኩስ እኔ እንደ በገና ደርዳሪ አንዱን ጣቴን ሳብ። ጣሳው «ኳ»። የአባቴ ትከሻ ተመለሰ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ረዘመ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ዓርብ ቸኮልኩና የመጨረሻውን ጣሳ ሳይተኩስ ሳብኩት። ጣሳው ወደቀ። አባቴ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ባዶውን ግንድ ትክ ብሎ አየ።

«አየህ አይደል?» አለኝ። «ስሜን ሰምቶ ነው የወደቀው።»

ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ያንን ሳቅ አንዴ ለመስማት ዛሬ በአትላንታ ትራፊክ መሐል ራቅ ብላ እስካለችው ዱሉዝ በእግሬ እሄዳለሁ።

የዚያኑ ቀን እራት ላይ እናቴን «በሃያ እርምጃ ጣሳ የሚጥል ሰው ነው ዓይን ሐኪም ጋ የምትጎትቺው?» አላት። ወደ እኔ ዞረ። «ንገራት እስቲ።»

እናቴ አየችኝ። እሷ የምታምነው የኔን ዓይን ነበር።

«ሦስቱንም ጥሏል፣ እማዬ» አልኩ።

አፖይንትመንቱ ካንስል ተደረገ።

በዓመቱ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ የዓይን ፈተናውን ወደቀ። ሐኪሟ ግላኮማ ነው አለች። የቀኙ ዓይን ሄዷል፣ የጠፋው አይመለስም፣ የግራውን በጠብታ እንጠብቃለን፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ የቀኙም ይተርፍ ነበር። የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ዘለልኳት።

ሻትሉን ሌላ ሹፌር ተረከበው። አባቴ በሰው መኪና ከጎን መቀመጥ ጀመረ፤ መሪ የለመደ እጁን የት እንደሚያሳርፈው ይቸግረው ነበር፣ ጉልበቱ ላይ ያደርገዋል፣ ያነሳዋል፣ መልሶ ያደርገዋል።

የነገርኩት ብዙ ዓመት ቆይቼ፣ ሊያርፍ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። የኋላው በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ክሩን ነገርኩት፤ ሐኪሟ ብላ እኔ የዋጥኩትንም። ቁጣውን ጠበቅኩ። ቢቆጣ ምንኛ ደስ ባለኝ። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ አነሳው፣ መልሶ አደረገው።

«ታዲያ አንድም አልመታሁ?» አለኝ በመጨረሻ።

ዕድሜዬን በሙሉ አንዱን መቶ ሳደርግ የኖርኩ ሰው፣ ያን ጊዜ ቁጥር ጠፋኝ።

«ሁለት» አልኩት።

«ሁለት ደህና ነው» አለ። እጁን ወደ ትከሻዬ ሰደደ፤ ትንሽ ሳተኝ። ወንበሬን ጠጋ አደረግኩለት።