የሉማሜዋ ድራማ ጸሐፊ

ሉማሜ ላይ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ዝቅ ብሎ አሊ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሚስቱ አስያ ማየት ካቆመች ዓመታት አልፈዋል። ትራኮማ ነው፤ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዐይኗን ሲወጋት ኖሮ፣ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ፈውዚያ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው።

እሑድ ከሰዓት በቴሌቪዥን ድራማ ሲመጣ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሰዎቹ ሲነጋገሩ አስያ ትሰማለች። ዝም ሲሉ ግን የልጇን ክንድ ነካ ታደርጋለች።

«አሁን ምን ሆነ?»

«በሩን ከፍቶ ወጣ።»

«ተቆጥቶ ነው ወይስ አዝኖ?»

«እንጃ እማዬ፣ ጀርባውን ነው የሚያሳዩት።»

«ትከሻውን እዪው እንጂ።»

ፈውዚያም የሰው ትከሻ እያየች አደገች።

ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ውጤት ሲመጣላት አሊ የሒሳብ ሠራተኛ ትሆንልኛለች ብሎ ነበር። እሷ ቴአትር መረጠች። ከነገረችው በኋላ ለብዙ ጊዜ ሳያናግራት ቆየ። በመጨረሻ አስያ ናት የገላገለቻቸው። «አንተ ጨርቅ ትሸጣለህ፣ እሷ ደግሞ ወሬ ትሽጥ» አለችው። «ሁለቱም ሰው ካልወደደው አይሄድም።» አሊ ሳይወድ ሳቀ። ልጅቷም ደብረ ማርቆስ ገባች።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የቴሌቪዥን ድራማ አጻጻፍ የሚባል ትምህርት መጣ። መምህሩ ገዳሙ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲያርም ግን የማይራራ ሰው ነው። የፈውዚያን የመጀመሪያ ሥራ ክፍል ውስጥ አነበበው። አንዲት ሴት ቤት ትገባና ለብቻዋ፣ «ይኸው ገባሁ፤ በሩንም ዘጋሁት፤ እጄ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም» ትላለች። ተማሪው ሳቀ።

«ፈውዚያ፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ እኛ እናየው የለ? ለምን ትነግረናለች?» አላት ገዳሙ። «ምስሉን ሥራ አስፈታሽው እኮ።»

ፈውዚያ ወረቀቷን ተቀብላ ተቀመጠች። ከትምህርት ስትወጣ ግን አብራት ለምታድረው ለሶልያና እውነቱን ነገረቻት። «የምጽፈው እማዬ እንድትሰማው ነው። ለሌላ ሰው ጽፌ አላውቅም።»

ሶልያና ትንሽ አሰበችና፣ «እንግዲያስ ለኛም መጻፍ ልመጂ» አለቻት።

ለመደች። መጀመሪያ ንግግሩን በሙሉ ትጽፈዋለች፤ ከዚያ ዐይን የሚሠራውን ከአፍ ላይ ትቀንሳለች። አንዳንዱን ቃል ስትሰርዝ ይከፋት ነበር። የአራተኛ ዓመት ሥራዋ ሲያልቅ ንግግሩ ከቀድሞው ሩቡን አያክልም።

ታሪኩ የተፋቱ ባልና ሚስት ነው። ገበያ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ፤ እሷ ጨው ትሸጣለች፣ እሱ በርበሬ። አይነጋገሩም። ድንገት ዝናብ ይመጣል። ሰውየው በርበሬውን የሸፈነበትን ላስቲክ ያነሣና የሷን ጨው ያለብሰዋል። በርበሬው እየራሰ እሱ ቆሞ ያያል፤ እሷም ቀና ብላ ታየዋለች። በቃ፣ አለቀ። ሶልያና ሴትየዋን ሆና ተጫወተች። አምበር ከተማ ገበያ ላይ ቀረጹት፤ ዝናቡም የእውነት ዝናብ ነበር።

ሥራው በአዳራሽ በታየ ቀን አሊና አስያ ከሉማሜ መጡ። ፈውዚያን ከመምህራኑ ጋር ፊት አስቀመጧት። ዝናቡ ሲጀምር ሰዉ ወደ ፊት አዘነበለ። ሲያልቅ አፍንጫውን የሚጠርግ ሰው ተሰማ፤ ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። ገዳሙ ወደ እሷ ዞሮ ራሱን ነቀነቀላት። ከእሱ ይህን ያገኘ ብዙ ተማሪ አልነበረም።

ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ አሊ ዐይኑ እንደቀላ ነበር። አስያ ክንዱን ይዛ ትሄዳለች።

«ሰዉ ያለቀሰው ምን ሲሆን ነው?» ብላ ጠየቀች በኋላ።

ፈውዚያ ነገረቻት።

«ዝናቡንስ ሰማሁት። ጨው እንዳለ አላወቅሁም። አባትሽን ብጠይቀው ‹ቆይ፣ ቆይ› አለኝ።» ጥቂት ተራመደች። «ጥሩ ነገር ሠርተሻል፣ አላህ ይጨምርልሽ። እኔ ግን እዚያ አልነበርሁም።»

በክፋት አልተናገረችውም። ፈውዚያ ግን በምረቃዋ ሰሞን ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲላት የሚሰማት ይህ ብቻ ነበር።

ከተመረቀች በኋላ ድራማዋን ይዛ አዲስ አበባ ወጣች። የሚያየው እንጂ የሚገዛው አልተገኘም። ተመልሳ አምበር በመንግሥት ቢሮ የዜና ሠራተኛ ሆነች፤ ስለ ማዳበሪያና ስለ እርከን ሥራ ጻፈች። ሥራው አይከፋም፣ ግን አሰለቻት። በኋላ ለሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ጸሐፊ ሲፈለግ ገዳሙ ስልክ ደወለላት።

«የተማርሽው ለቴሌቪዥን መሆኑን አውቃለሁ» አላት።

«ግድ የለም መምህር፣ መጀመሪያም የምጽፈው ለጆሮ ነበር» አለችው።

ስለ አንዲት ክፉ አማትና ስለ ምራቷ ጻፈች። ሰዎቿ የሚያደርጉትን አይናገሩም፤ ዘነዘናው ሙቀጫ ውስጥ ሲመታ ንዴቱ ይታወቃል፣ የጫማው ኮቴ በር ላይ ሲቆም መፍራቱ ይታወቃል። ሐሙስ ሐሙስ ሲተላለፍ ሉማሜ ውስጥ በየሻይ ቤቱ ይሰማ ጀመር። አሊ ሱቁ ድረስ መጥተው «አማቲቱ ምን ልትሆን ነው?» ለሚሉት ደንበኞች፣ ምንም ሳያውቅ እንደሚያውቅ ሆኖ ይስቅባቸዋል።

አስያ አማቲቱን ወደደቻት። ፈውዚያ አንድ ቀን ለጥየቃ መጥታ አማቲቱ ልትሞት መሆኑን ብትነግራት፣ አስያ ከተጋደመችበት ተነሥታ ተቀመጠች።

«ምን አድርጋ ነው የምትሞተው? ክፉ ብትሆንም የቤቱ ምሰሶ እሷ ናት።»

«ተቀርጿል እማዬ።»

«ይቀየር።»

«አይቀየርም።»

«እንግዲያስ ሐሙስ አልሰማም» አለች አስያ፣ ፊቷን አዙራ።

ሐሙስ የሬዲዮው ባትሪ አልቆ ተገኘ። አስያ አሊን ሱቁን ዘግቶ ሄዶ እንዲገዛ ላከችው።